አገር ቤት በርካሽ ለመደወል ገንዘቡን ወዲያ ማዶ አውሉት

አዲስ ከአገር የወጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ኢትዮጵያ በርካሽ የሚያስደውለው የትኛው ነው?» መልሴ ብዙዎችን ያስገርማል። ካርድ ወይም አፕ ከማማረጣችሁ በፊት አገር ቤት ያለውን ስልክ አስተካክሉ እላለሁ። እዚህ ለደቂቃ የምትከፍሉት ገንዘብ እዚያ ለኢንተርኔት ጥቅል ቢውል የሚያስወራችሁ ጊዜ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

መጀመሪያ ውድ የሚሆንበትን ምክንያት እንወቅ። ወደ ኢትዮጵያ መደበኛ ጥሪ ስትደውሉ፣ ጥሪውን የሚቀበለው የአገር ቤቱ ቴሌ ለእያንዳንዱ ደቂቃ የመቀበያ ክፍያ ያስከፍላል። የምትደውሉበት ኩባንያ የራሱን ትርፍ የሚጨምረው በዚያ ላይ ነው። ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ የሚሠራ ድርጅት ዋጋውን ከዚያ በታች ማውረድ አይችልም። አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ በጣም አርክሶ ሲሸጥላችሁ ካያችሁ፣ ጥሪው በሲም ቦክስ በኩል የሚገባ መሆኑን ጠርጥሩ። ድምፁ በኢንተርኔት አገር ውስጥ ይገባና ብዙ ሲም ካርድ ከተሰካበት መሣሪያ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ይወጣል። ምልክቱ ግልጽ ነው። እናታችሁ ስልክ ላይ የሚመጣው የእናንተ ቁጥር ሳይሆን የማታውቀው የ09 ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜም አታነሳውም። ካነሳችውም ድምፁ ይቆራረጣል፣ ሲሙ ሲዘጋም ወሬው መሃል ላይ ይቀራል። ይህ አሠራር በ2004 ዓ.ም በወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ የተከለከለ ነው። እኔ ገንዘቤን እዚያ ላይ አላወጣም፣ እናንተም አታውጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዋትስአፕ፣ በቴሌግራም፣ በኢሞ ወይም በቫይበር ስንደዋወል የምንከፍለው የኢንተርኔቱን ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ችግሩ ያለው ከዚያኛው ወገን ነው። ጥቅሉ አልቋል፣ የስልኩ ማከማቻ ሞልቷል፣ እናት የትኛውን እንደሚነኩ ግራ ገብቷቸዋል። ስለዚህ አገር ቤት ስትሄዱ አንድ ከሰዓት ለዚህ ስጡ። መሄድ ካልቻላችሁ ከቤቱ ልጆች ወይም ከጎረቤት አንዱን ቀልጠፍ ያለ ወጣት በስልክ እየመራችሁ አሠሩት።

መጀመሪያ የሚስተካከለው በራሱ የሚወርደው ነገር ነው። የእናታችሁ ዋትስአፕ ውስጥ የማኅበር ግሩፕ አለ፣ የዘመድ ግሩፕ አለ። በየቀኑ ፎቶና ቪዲዮ ይላካል። እሳቸው ባይከፍቱትም ስልኩ በሞባይል ዳታ እያወረደ ሊያስቀምጠው ይችላል። ሰኞ የተገዛው ጥቅል ረቡዕ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው እንጂ እናንተ ስለደወላችሁ አይደለም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ በሞባይል ዳታ ፎቶም ቪዲዮም በራሱ እንዳይወርድ አጥፉት። ፕሌይ ስቶርም አፖችን በዋይፋይ ብቻ እንዲያድስ አድርጉት። ከዚያ እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ለጥሪ አነስተኛ ዳታ የሚጠቀምበትን ምርጫ አብሩ። ዋትስአፕም ቴሌግራምም ላይ አለ። ደካማ ኔትወርክ ባለበት ሰፈር ድምፅ ሳይቆራረጥ እንዲሰማ ይረዳል። ቪዲዮ ከድምፅ ጥሪ ብዙ እጥፍ ዳታ ይበላል። ልጆቹን ለማየት በሳምንት አንድ ጊዜ ክፈቱት፣ ሌላውን ቀን በድምፅ አውሩ።

ማንበብ ለማይችሉ ወይም ዓይናቸው ለደከመ ወላጆች አንድ የምወደው ዘዴ አለ። በአንድሮይድ ስልክ ዋትስአፕ ላይ የእናንተን ቻት ከፍታችሁ፣ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጠብጣቦች ነክታችሁ፣ አቋራጩን ስልኩ ሲከፈት በሚታየው ዋና ገጽ ላይ አውጡት። ፕሮፋይላችሁ ላይ ፊታችሁ በደንብ የሚታይበት ፎቶ ይኑር። አባት ስልኩን ሲከፍቱ የልጃቸውን መልክ ያያሉ፣ መልኩን ይነካሉ፣ ቻቱ ይከፈታል፣ ከላይ ያለችውን የስልክ ምልክት መጫን ብቻ ይቀራል። ሁለት ሦስት ጊዜ አብራችሁ አለማምዷቸው። በራሳቸው የደወሉ ቀን የሚሰማቸው ደስታ ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ የእናንተን ጥሪ ብቻ መጠበቅ ይቀርላቸዋል።

የካርዱን ነገርም ልንገራችሁ። ከውጭ ሆኖ የኢትዮጵያ ስልክ ላይ ካርድ መሙላት ይቻላል፣ ብዙዎቻችሁም ታደርጉታላችሁ። ግን የሞላችሁት ሒሳብ ወደ ጥቅል ካልተቀየረ ዳታው በመደበኛው ዋጋ ይቆጠርና ቶሎ ያልቃል። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ*999# ወይም በቴሌብር ጥቅል ይግዙ። ዳታው ተከፍቶ የሞላችሁትን ሒሳብ ሳይበላው ግዢው ወዲያው ይሁን። የቤቱ ወጣት ይህን የራሱ ሥራ አድርጎ እንዲይዘው ንገሩት፣ ለእሱም ትንሽ ሙሉለት። በዚያ ላይ ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ ጀምሮ ሳፋሪኮምም አገር ውስጥ አለ፣ ቁጥሩ በ07 ይጀምራል። ቤተሰብ ባለበት ሰፈር የማን ኔትወርክ እንደሚሻል እዚያው ያሉትን ጠይቁ። እዚህ ሆኖ መገመት አይቻልም።

ኔትወርኩ አልይዝ ካለ የድምፅ መልእክት ቅዱና ላኩ። ግንኙነቱ ለአፍታ ሲመጣ ይደርሳል። አያቶች ደጋግመው ይሰሙታል፣ ይህን ጥሪ አያደርግላቸውም።

ስማርት ስልክ የሌላቸው፣ ገጠር ያሉ ወገኖች ደግሞ አሉ። የሚከፈልበትን ደቂቃ ለእነሱ አስቀምጡ። እንደ ሬብቴል ያሉ አፖች ወደ ማንኛውም መደበኛ ስልክና ሞባይል ያስደውላሉ፣ ተቀባዩ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ስካይፕን ለምዳችሁት የነበራችሁ ግን ሌላ ፈልጉ፣ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ ተዘግቷል። የሐበሻ ሱቅ መስታወት ላይ የሚለጠፉትን ካርዶች የምትገዙ ከሆነ ከፊት የተጻፈውን የደቂቃ ብዛት ሳይሆን ከኋላ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። ሲነሳ የሚቆረጥ የማገናኛ ክፍያ አለ? በየሳምንቱ የሚቀነስ የአገልግሎት ክፍያ አለ? ደቂቃውን በስንት ያጠጋጋል? በ3 ደቂቃ የሚያጠጋጋ ካርድ ላይ 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ብታወሩ 6 ደቂቃ ይቆጠርባችኋል። አጫጭር ጥሪ ለሚያበዛ ሰው እንዲህ ያለው ካርድ ኪሳራ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ በትንሹ ገዝታችሁ ሞክሩት።

የስልክ ኩባንያችሁ «ዓለም አቀፍ ያልተገደበ ጥሪ» ብሎ ሲሸጥላችሁም የአገሮቹን ዝርዝር ጠይቁና ኢትዮጵያን በስም ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የለችበትም። ሌላው በተደጋጋሚ የማየው ነገር የዋይፋይ ኮሊንግ፣ ማለትም መደበኛውን ጥሪ በዋይፋይ የሚያሳልፈው የስልክ ምርጫ ነው። ስልኩ ከዋይፋይ ጋር ስለተያያዘ ጥሪው ነጻ ይመስላል። ቁጥሩን በመደበኛው መደወያ +251 ብላችሁ ከደወላችሁ ግን ኩባንያው የዓለም አቀፍ ዋጋውን ነው የሚያስከፍለው። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ከአሜሪካ ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ የሚጫነው ቁጥር 011 ነው፣ የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክም በ011 ይጀምራል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ቤት ስልክ 011 251 11 ተብሎ ይቀጥላል። ሞባይልም ቢሆን ከፊት ያለችው 0 ትቀራለች።

የዐረብ አገር እህቶቼና ወንድሞቼ ሁኔታ ይለያል። ኤምሬትስ ውስጥ የዋትስአፕ ጥሪ አይሠራም፣ ፈቃድ ያላቸው እንደ ቦቲም ያሉ አፖች አሉ። ብዙ ሰው ቪፒኤን፣ ማለትም ያላችሁበትን አገር ደብቆ የታገደውን የሚከፍት አፕ ጫኑ ይላችኋል። እባካችሁ ጠንቀቅ በሉ። የኤምሬትስ ሕግ ቪፒኤንን ለወንጀል ወይም ወንጀልን ለመሸፈን የተጠቀመ ሰው ላይ ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ቅጣት አስቀምጧል። የተከለከለ አገልግሎት ለመክፈት ብላችሁ እዚያ ውስጥ መግባት ለምንም ጥሪ ሲባል አያዋጣም። ቦቲምን እናንተም ቤተሰብም ጫኑ።

አንድ ጊዜ ጠርቶ የሚጠፋ፣ ከማታውቁት አገር የመጣ ሚስኮል መልሳችሁ አትደውሉ። አጭበርባሪዎቹ ገንዘብ የሚያገኙት እናንተ መልሳችሁ ስትደውሉ ከሚቆጠረው ሒሳብ ነው። ቤተሰባችሁንም አንድ ነገር አስጠንቅቁ። በጽሑፍ የሚደርሳቸውን የማረጋገጫ ኮድ ለማንም፣ ለዘመድም ቢሆን እንዳይነግሩ። በዚያ ኮድ ዋትስአፓቸው ወይም ቴሌግራማቸው ይወሰድና በእነሱ ስም ከእናንተ ገንዘብ ይጠየቃል። እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳችሁ መጀመሪያ በመደበኛ ስልክ ደውላችሁ ድምፃቸውን ስሙ።

አፕ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም መጥቷል። በ2012 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ለሳምንታት ያገናኘን መደበኛው ጥሪ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም ቴሌግራምና ፌስቡክ ሲታገዱ እገዳው ለወራት ቆይቷል። በ2013 ዓ.ም ትግራይ ውስጥ ግን ስልኩም ኢንተርኔቱም አብሮ ስለተቋረጠ ካርድም አፕም አልጠቀመም። ስለዚህ ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ከዛሬው ጥቂት ነገር አዘጋጁ። መደወያ አፕ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ሒሳብ ይኑራችሁ። የጎረቤትን፣ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድን፣ ቤቱ መደበኛ ስልክ ያለውን ሰው ቁጥር ተቀበሉ። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉና አንዱን እናንተ ያዙ፣ ሌላውን አገር ቤት ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ስልክ ጠፍቶ ወይም ተቆልፎ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ሲታጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።