ከበግ ጠጉር እንጀራ ይወጣል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂያችን በአካውንቲንግ ተመርቃ ዓመት ሊሞላት ነው። ስትፈልግ ቆይታ አሁን አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ሒሳብ እንድትይዝለት ጠርቷታል፤ ደመወዙ ግን ትንሽ ነው። እሷ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ያየችው ነገር ልቧን ወስዶታል፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ከበግ ጠጉር የሚሠራው፣ ፌልት የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ። ቤተሰቦቿ መንዝ ውስጥ በጎች አሏቸው። እናቷ ደግሞ ዕቁብ ደርሷቸዋል። «ብሩን ተበድሬ የጠጉር ማበጠሪያ ማሽን ከውጭ ላስመጣ? የመደብሩን ሥራስ ልተወው?» ትላለች።

እህቴ፣ ሳላንዛዛ ልመልስልሽ። ሥራውን ያዢ። ማሽኑን አትግዢ። የእናትሽ ዕቁብ ባለበት ይቀመጥ። ፌልቱን ግን አትተዪው፤ በትርፍ ሰዓትሽ ጀምሪው። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ላስረዳሽ።

በመጀመሪያ ስለ ጠጉሩ። በዓይን አይታይም እንጂ እያንዳንዱ የበግ ጠጉር ዘለላ ላይ ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉ። ሙቀትና ውሃ ሲያገኝ ቅርፊቶቹ ይነሳሉ፤ ሲታሽ ዘለላዎቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ከዚያ በኋላ መፍታት የለም። ሳይፈተል፣ ሳይሸመን ጨርቅ ይሆናል። የሱፍ ሹራብ በፈላ ውሃ አጥቦ ለሕፃን የሚሆን አድርጎ ያወጣ ሰው፣ ሳያስበው ፌልት ሠርቷል ማለት ነው።

ችግሩ ሁሉም ጠጉር እኩል አለመቆላለፉ ነው። ቪዲዮው ላይ የምታያቸው ለስላሳ ስካርፎችና አሻንጉሊቶች ባብዛኛው የሜሪኖ በግ ጠጉር ናቸው፤ በጣም ቀጭን፣ አንድ ዓይነት ርዝመት ያለው፣ ታጥቦና ተበጥሮ በፋብሪካ የተዘጋጀ። የፌልት ኳስና ምንጣፍ ለዓለም የምትሸጠው ኔፓል እንኳን፣ በግ ሞልቷት ከኒውዚላንድ ሱፍ ታስገባለች። የመንዝ በግ ሌላ ነው። ሻካራ ረጅም ጠጉርና ከሥሩ ያለ ለስላሳ ሱፍ የተደባለቀበት ነው። ሴቶቹ በእንዝርት ፈትለውት፣ ወንዶቹ ሸምነውት በርኖስና ዝተት ሲሆን ብርድን ድራሹን ያጠፋል። አንገት ላይ ስታደርጊው ግን ይኮሰኩሳል። ስለዚህ ስካርፉን እርሺው።

ማሽን ከማሰብሽ በፊት ይህችን ሞክሪ። ከበጉ ትከሻ፣ ከጎኑ፣ ከሆዱና ከእግሩ አካባቢ ጭብጥ ጭብጥ ጠጉር ለይተሽ ውሰጂ። እያንዳንዱን እጠቢና አባዝተሽ አፍታቺው። በእጅ በሚቻለው ሙቅ ውሃ ነክረሽ፣ ሳሙና አስነክተሽ፣ በሁለት መዳፍሽ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ጠንከር አድርገሽ አድቦልቡዪው። ጥቅጥቅ ያለ ኳስ ከሆነልሽ ይሄ ጠጉር ይሠራል። አሥር ደቂቃ አሽተሽውም ዘለላው እየተመዘዘ ከወጣ፣ ለፌልት አይሆንም። የሆድና የእግሩ ብዙ ጊዜ እንደሚጥልሽ ከአሁኑ እነግርሻለሁ። ከየትኛው በግ፣ ከየትኛው ቦታ እንደወሰድሽ ደብተር ላይ ጻፊ። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፤ መመዝገብ ማንም አያስተምርሽም።

የሚሠራውን ካገኘሽ በኋላ ምን እንሥራበት የሚለው ይመጣል። እኔ ብሆን የቤት ጫማ አልጀምርም። አዎ፣ ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ሁሉም ሰው ይፈልገዋል። ግን ጫማ በቅርጽ ይሠራል፤ በቅርጽ የሚሠራ ነገር ጊዜ ይበላል። ፌልት ሲሠራ ይሰበሰባል፤ ከመቶ 30 ወይም 40 መቀነሱ የተለመደ ነው። የ25 ሳንቲ ሜትር ጫማ ለማውጣት፣ ጠጉርሽ ከመቶ 35 የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ቅዱን ከ38 ሳንቲ ሜትር በላይ አድርገሽ ትጀምሪያለሽ። ግራና ቀኙ እኩል ካልወጣ ደግሞ ማን ይገዛሻል?

ጠፍጣፋውን ምረጪ። ሰሌን ዘርጊ፣ ላዩ ላይ ስስ መጋረጃ አንጥፊ። የተባዘተውን ጠጉር በስሱ ደርድሪ፤ አንዱን ንብርብር ወደ ቁመቱ፣ ቀጣዩን ወደ ጎኑ፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜ። በሙቅ የሳሙና ውሃ አርሺው፣ መጋረጃውን መልሰሽ አልብሺው፣ በእጅሽ ቀስ እያልሽ እሺው። ሲያያዝ ከነሰሌኑ በዱላ ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ላይ ጠቅልለሽ አንከባልዪው፤ አቅጣጫውን እየቀየርሽ፣ ሲደክምሽ በእግርሽ። በሁለት ጣት ቆንጥረሽ ስታነሺው ዘለላው ብቻውን ካልተነሳ ደርሷል። ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቂው፤ በመጨረሻው ውሃ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት፣ የሳሙናውን ቅሪት ያጠፋዋል።

ከዚህ አንድ ሰፊ ንጣፍ በመቀስ ብዙ ነገር ይወጣል። ጫማ ውስጥ የሚገባ ንጣፍ፣ የበርጩማ መቀመጫ፣ ትኩስ ድስትና ጀበና የሚያርፍበት። ሱፍ ሙቀት ይቋቋማል፣ ቶሎም እሳት አይይዝም። ለዚህ ደግሞ ሻካራነቱ ምንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ጠጉሩ ጠንከር ሲል ንጣፉ ዕድሜ ያገኛል። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ከነተፈጥሮው ስላለ ቀለም መንከር አያስፈልግሽም።

አሁን ወደምትወጂው ሒሳብ። መጀመሪያ ጠጉሩን ሳይታጠብና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ መዝኚው። 1 ኪሎው ታጥቦ 600 ግራም ከሆነ፣ በ100 ብር የገዛሽው ጠጉር ኪሎው 167 ብር ገባ ማለት ነው። የቤተሰብ ነው ብለሽ ዜሮ አትጻፊ፤ ነገ ሥራው ከሰፋ ከጎረቤት መግዛትሽ አይቀርም። ከዚያ ሰዓትሽን መዝግቢ። አንዱ ንጣፍ ከማጠብ እስከ ማለቅለቅ 6 ሰዓት ከፈጀ፣ ከተማው ውስጥ ለቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን ለ8 አካፍለሽ በ6 አባዢው። ሳሙና፣ መብራት ወይም ማገዶ፣ ውሃ ጨምሪበት። ከንጣፉ ለሚወጣው ዕቃ ብዛት አካፍዪው። ይሄ ወጪሽ ነው፤ ትርፍ ገና አልገባበትም። ቁጥሩን ይዘሽ ገበያ ሂጂና ተመሳሳዩ የቻይና ዕቃ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቂ። ብዙ የእጅ ሥራ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው፤ ባለቤቶቹ የራሳቸውን ጉልበት በነፃ ስለሚቆጥሩ መሞቱን እንኳን የሚያውቁት ዘግይተው ነው። የማዕከላዊ እስያዎቹ ኪርጊዞች ለዘመናት የፌልት ምንጣፍ ሲሠሩ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ያም ሆኖ ዩኔስኮ ሙያቸውን በ2012 እ.ኤ.አ. የመዘገበው አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች ተርታ ነው። ማማር ብቻውን አላኖረውም።

ማሽኑን አትግዢ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ማሽን የሚያፈጥነው ማባዘቱን ብቻ ነው፤ ማሸቱና ማንከባለሉ እጅሽ ላይ ይቀራል። ጥጥ የሚባዘትበትን ደጋን የሚያውቁ እናቶች አካባቢሽ አይጠፉም። ሄደሽ ጠይቂያቸው፤ ጠጉር መለየቱንም ከእነሱ የተሻለ የሚያሳይሽ የለም። ትዕዛዝ በዝቶ ማባዘቱ ካነቀሽ፣ ያኔ ስለ ማሽን እናወራለን።

ቪዲዮ ላይ የማይነገር ሌላም አለ። ሥራው ውሃ ይጠጣል። ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ ከሆነ፣ የጄሪካኑን ዋጋ ከአሁኑ ቁጠሪ። ክረምት ላይ ወፍራም ንጣፍ ቶሎ አይደርቅም፣ ይሸታል፤ ስለዚህ ዋናውን ሥራ በጋ ላይ አድርጊው። የተጠራቀመ ጠጉር ብል ይወዳል። ንጹሕ አድርገሽ፣ አፉ በደንብ በሚታሰር ከረጢት አስቀምጪ፣ አልፎ አልፎ ፀሐይ ላይ አራግፊው። ደግሞ ይሄን አደራ፦ ታሞ ከሞተ በግ ጠጉር እንዳትወስጂ። የአባ ሰንጋ ጀርም ጠጉር ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ በቁስልም በአቧራም ይገባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ውስጥ ሱፍ የሚለዩ ሠራተኞችን ይገድል የነበረው እሱ ነው። ጠጉሩን ስትለዪ ውጭ ሁኚ፣ ማስክ አድርጊ፣ እጅሽ ላይ ቁስል ካለ ጓንት አይለይሽ።

ገበያውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የመጀመሪያዎቹን ዕቃዎች ለማያውቅሽ ሰው ሽጪ። አክስትሽ ብትገዛሽ አዝናልሽ ነው። ከተማው ውስጥ ወንበራቸው የሚቀዘቅዝ ቡና ቤቶች ሞልተዋል፤ ለአንዱ ባለቤት አራት መቀመጫ ይዘሽ ሂጂና ዋጋ ንገሪ። ከገዛ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰሽ እዪው። ሳስቷል? ጠጉሩ እየተነሳ ነው? ደንበኞቹስ ምን አሉ? በሚቀጥለው ጊዜ የምታሻሽዪው ከዚህ ተነስተሽ ነው። ሽያጩ ሲደጋገም ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ታወጫለሽ፤ ሒደቱን ከእኔ በላይ ተምረሽዋል።

የመደብሩ ሥራ ለደመወዙ ብቻ አይደለም። የሒሳብ ሰው ዕቃ ሲገባና ሲወጣ፣ ዱቤ ሲሰጥና ሲቀር፣ ነጋዴ ከአቅራቢ ጋር ሲከራከር በየቀኑ ያያል። ለአንድ ጀማሪ ነጋዴ ደመወዝ እየተከፈለው የሚማርበት ቦታ ነው። ለቀጣይ ቅጥርም ሲቪሽ ላይ የሥራ ልምድ ይሆንልሻል። ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ እንዳለ ጠይቂ። ካለ፣ በእሱ ፋንታ ሌላ ግማሽ ቀን እንዲሰጡሽ ተነጋገሪ፤ ንጣፍ በማታ መብራት አይሠራም፣ ለማድረቅም ፀሐይ ያስፈልግሻል።