ሳንድዊች ቤት ልግባ ወይስ መጋዘን?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው፦ በዲቪ ፒትስበርግ ከገባሽ ገና ወራትሽ ነው፣ ከአገር ቤት በሆቴል ማኔጅመንት ዲግሪ ይዘሻል፣ ፕሪማንቲ ብራዘርስ የሚባለው ሳንድዊች ቤት በአስተናጋጅነት ሊቀጥርሽ ነው። ዘመዶችሽ ደግሞ "ዲግሪ ይዘሽ ሳንድዊች ልታመላልሺ? መጋዘን በሰዓት የተሻለ ይከፍላል" ይሉሻል።

እኔ ሳንድዊች ቤቱ ግቢ ነው የምልሽ።

ቤቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1933 ስትሪፕ ዲስትሪክት በሚባለው የአትክልትና ፍራፍሬ ጅምላ ሰፈር ነው። ደንበኞቹ ሌሊት ጭነት ይዘው የሚገቡ ሹፌሮች ነበሩ። ሳንድዊቹ በአንድ እጅ ተይዞ እንዲበላ ታስቦ ነው ይባላል፣ ሥጋው፣ አይቡ፣ ቲማቲሙ፣ በኮምጣጤ የታሸው ጥቅል ጎመን፣ የድንች ጥብሱ ሳይቀር በሁለት ወፍራም የጣልያን ዳቦ መሃል ይገባል። ዛሬ ኦሃዮና ዌስት ቨርጂኒያ ድረስ ቅርንጫፍ አለው። አንቺን የሚመለከትሽ እዚህ ላይ ነው። ድንቹ ቀድሞ ከተጠበሰ ይልፈሰፈሳል፣ ጎመኑ ከቆየ ዳቦውን ያረጥበዋል፤ እሑድ የከተማው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ስቲለርስ ሲጫወት ቤቱ ጢም ባለበት ሰዓት ይሄ ነገር በየቅርንጫፉ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲወጣ ማን መቼ ምን እንደሚሠራ ቀድሞ የሚያስብ ሰው አለ። ያ ሰው መሆን ነው የተማርሽው። መጋዘን ውስጥ ሙያሽን በዚህ ቅርበት አታገኚውም።

ክፍያው ላይ ግን አትፈሪ፣ ጠይቂ። ፒትስበርግ ባለችበት በፔንሲልቬንያ ግዛት ቲፕ የሚያገኝ ሠራተኛ ዝቅተኛው መነሻ በሰዓት 2.83 ዶላር ነው፤ ከቲፑ ጋር ተደምሮ 7.25 ካልሞላ ልዩነቱን የሚሞላው አሠሪው ነው፣ ሕግ ነው። ስለዚህ መነሻው ስንት ነው፣ ቲፕ ለየራስ ነው ወይስ ተሰብስቦ የሚካፈል፣ አዲስ ሰው የትኛው ሺፍት ይደርሰዋል በያቸው። የማክሰኞ ጠዋትና የጨዋታ ቀን ገቢ ለየቅል ነው። የያዝሽውን ቲፕ በየቀኑ ጻፊ፣ ለታክስም ይጠቅምሻል።

አንዴ ከለመድሽ በኋላ ኩሽና አስገቡኝ በይ፣ እምቢ ቢሉሽ ደግመሽ ጠይቂ። ጎን ለጎን ሰርቭሴፍ ማናጀር የሚባለውን የምግብ ደህንነት ፈተና ውሰጂ፣ ዲግሪሽንም በአሜሪካ መስፈርት አስገምግሚ። ሺፍት መምራት ስትጀምሪ ሲቪሽ ላይ "አስተናጋጅ" ብለሽ ብቻ አትለፊው፣ ስንት ጠረጴዛ እንደያዝሽና ስንት አዲስ ሰው እንዳሠለጠንሽ ጻፊ፤ ሆቴሎች የሚያነቡት እሱን ነው። ዓመት ሞልቶሽ ካላንቀሳቀሱሽ ሲቪሽን ይዘሽ ወደ ዳውንታውን ሆቴሎች ሂጂ።

አሁን ደውዪላቸውና ስለ እሑድ ሺፍት ጠይቂ።