ሜምብሬኑ ስብ ከሆነ ውሃ በየት ይገባል?

ሰላም እህቴ። «የሴል ሜምብሬን (ሴሉን የሚከበው ስስ ሽፋን) ከስብ የተሠራ ከሆነ ውሃ እንዴት ያልፈዋል? ፕሮቲኖቹስ ምን ይሠራሉ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ነገሩ በደንብ የገባኝ ከደብተር ሳይሆን ከደም ነውና ከዚያው ልጀምር።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ቀይ የደም ሴሎች ለማጠብ ሳላይን (ጨው የሟሟበት ውሃ) ያነሳሁ መስሎኝ ዲስቲልድ ውሃ (ተጣርቶ ምንም ያልቀረበት ንጹሕ ውሃ) ጨመርኩ። ድፍርሱ ደም ዓይኔ እያየ እንደ ወይን ጠጅ ጥርት አለ። ሴሎቹ ፈንድተው ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም ቀይ ቀለም የሚሰጣቸው ፕሮቲን፣ ፈስሷል። ታካሚዋን እንደገና ደም መቅዳት ግድ ሆነ፤ እጇን ስትዘረጋልኝ የተሰማኝ እፍረት ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ሳላይን 0.9 በመቶ ጨው ነው፤ ከሴሉ ውስጥ ካለው ጋር ይመጣጠናል። ዲስቲልድ ውሃ ግን ምንም ስላልሟሟበት ወደ ሴሉ ይጎርፋል። ጠፍጣፋው ሴል መጀመሪያ ይድቦለቦላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሜምብሬኑ ብዙ መለጠጥ አይችልምና ይቀደዳል። ውሃው ጥቂቱ በስቡ መሀል ሾልኮ ያልፋል፤ አብዛኛው የሚገባው አኳፖሪን በተባለ የፕሮቲን ቀዳዳ ነው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ፒተር አግሬና ባልደረቦቹ ይህ ፕሮቲን ውሃ እንደሚያሳልፍ ያረጋገጡት እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ መጀመሪያ የተገኘውም በዚሁ በቀይ የደም ሴል ሜምብሬን ላይ ነው። አግሬ በ2003 ኖቤል ተሸልሞበታል።

ስቡ ፎስፎሊፒድ ይባላል። ጭንቅላቱ ውሃ ይወዳል፤ ሁለቱ ጭራዎቹ ውሃ ይሸሻሉ። ከሴሉ ውጭም ውስጥም ውሃ ስላለ ጭራዎቹ መሀል ገብተው ይደበቃሉ፣ በዚህ ምክንያት ድርብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1925 ጎርተርና ግሬንዴል የተባሉ ሆላንዳውያን የቀይ ደም ሴሎችን ስብ አውጥተው ውሃ ላይ በአንድ ንብርብር ሲያነጥፉት የሴሎቹን ገጽ ሁለት እጥፍ ያህል ሸፈነ፤ ስለዚህ በሴሉ ላይ ስቡ ድርብ ነው አሉ። ይህ ሴል ኒውክለስም (የሴሉ አስኳል) ሌላ የውስጥ ሜምብሬንም ስለሌለው ስቡ ከውጨኛው ሽፋን ብቻ የመጣ ነው። እንዴት ያለ ብልህ ምርጫ! በስቦቹ መሀል ኮሌስትሮል አለ፤ ሙቀት ሲጨምር ሽፋኑ እንዳይላላ፣ ሲቀዘቅዝ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል።

ፕሮቲኖቹ በር ብቻ አይደሉም፤ መልእክት የሚቀበሉም፣ ሴሉን ቅርጽ የሚያስይዙም አሉ። በየቀኑ የደም ዓይነት ስሠራ አንቲ ኤ (የኤ ዓይነት ሴሎችን የሚያጣብቅ ፀረ-አካል) ጠብ አድርጌ ሴሎቹ ሲጓጉሉ የማየው በስቡና በፕሮቲኑ ላይ በተንጠለጠሉ ስኳሮች ምክንያት ነው። ኤንና ቢን የሚለያቸው መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት ስኳር ናት።

አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ሜምብሬኑን «ግድግዳ» አትበዪው። ግድግዳ እንደ ዕፅዋት ያሉ ሴሎች የሚኖራቸው ነው፤ ከሜምብሬኑ ውጭ ይቆማል። ልዩነቱን በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ የቀይ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ካለው በኩል ላጪና ጨው የበዛበት ውሃ ጠብ አድርገሽበት በትምህርት ቤታችሁ ማይክሮስኮፕ ተመልከቺ። ግድግዳው ባለበት ቆሞ፣ ቀለሙን የያዘው ክፍል ከነሜምብሬኑ ተሸብሽቦ ወደ መሀል ሲሸሽ ታዪዋለሽ።