ከአሜሪካ ፓወር አምፕ ለማስመጣት ላሰብከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ከዱባይ የመጣ ዴኖን ኤክስ 3600 ኤች ሪሲቨር እንዳለህ፣ አምስቱ ስፒከሮችህ ባለ 6 ኦም (ለኤሌክትሪክ ያላቸው መቋቋም) እና 87 ዲቢ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) እንደሆኑ፣ ሶፋህ 3 ሜትር እንደሚርቅ ጽፈሃል። ታላቅ ወንድምህ ከሜሪላንድ ሊመጣ ስለሆነ በ700 ዶላር ባለ 5 ወይስ ባለ 7 ቻናል (ለየስፒከሩ አንድ መውጫ) ፓወር አምፕ፣ ማለትም ለብቻው የቆመ የድምፅ ማጉያ፣ ላስመጣ ነው ጥያቄህ። እኔ ብሆን ሁለቱንም አላስመጣም፤ ለፊት ለፊቶቹ ሦስት ቻናል ይበቃሃል። ሁለቱን የኋላ ስፒከሮች ዴኖኑ ራሱ ይያዛቸው።

ዋት ከመቁጠራችን በፊት ግን የመብራቱን ነገር እንጨርስ፤ እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው። እኛ ቤት የሚገባው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ አሜሪካ ደግሞ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። እዚያ በደህና ዋጋ የሚሸጡት ትልልቅ አምፖች ውስጣቸው ከባድ ትራንስፎርመር አለ፤ ብዙዎቹም የሚመጡት ለ120 ተዘጋጅተው ነው። እንደዚያው እዚህ ብትሰካው ፊውዙ ቀድሞ ከተቃጠለ እድለኛ ነህ። ውስጡ 115/230 መቀየሪያ ያለው አለ፤ እሱ ከሆነ ችግር የለም። ከሌለው ስቴፕ ዳውን (220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር) ልትገዛ ነው፤ ከ1000 ዋት በላይ ከልቡ የሚሸከም ስቴፕ ዳውን ደግሞ ራሱን የቻለ ሸክም ነው፣ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ዋት ሁሉ እውነት አድርገህ አትውሰድ። እሱም ቢሆን ቮልቱን ያወርዳል እንጂ 50ውን ኸርዝ 60 አያደርገውም። ለ60 ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር 50 ላይ ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል፣ ማጉረምረምም ይጀምራል። ክብደቱንም አስብበት፤ የሞኖፕራይስ ሞኖሊዝ ባለ 7 ቻናሉ ከ40 ኪሎ በላይ ነው። አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው። ወንድምህን አትጨክንበት።

ወደ ዋቱ እንምጣ። የዴኖንህ 105 ዋት የተለካው ሁለት ቻናል ብቻ ሲሠራ፣ 8 ኦም ላይ ነው። አምስቱም እኩል ሲጮሁ ያን ያህል አይሰጥም። ግን ጉልበት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ ከፍ የሚለው በ3 ዲቢ ብቻ ነው፤ ለጆሮህ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማህ ወደ 10 እጥፍ ዋት ያስፈልግሃል። ስለዚህ ከ105 ወደ 200 ዋት መሄድ «ጨመረ እንዴ?» ከማሰኘት ብዙም አያልፍም። ያንተ ስፒከር በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ላይ 87 ዲቢ ከሰጠ በ100 ዋት 107 ይሰጣል። ሶፋህ ጋ እስኪደርስ 9 ዲቢ ያህል ይጠፋል፣ ግድግዳው የተወሰነውን ይመልስልሃል፤ 100 ዲቢ አካባቢ በለው። ጎረቤት በር የሚያንኳኳው ከዚያ በፊት ነው።

በነገራችን ላይ ሰብዉፈር (ባስ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) አለህ? አልጠቀስክም። ከሌለህ አምፑን ለጊዜው ተወውና ብሩን እሱ ላይ አውለው፤ ስፒከሮቹን ዴኖኑ ሜኑ ላይ «ስሞል» ብለህ 80 ኸርዝ ላይ ስትቆርጣቸው ዋት የሚበላው ከባዱ ባስ ከዴኖኑ ላይ ይወርድለታል። ከአምፑ የበለጠ ለውጥ የምታየው እሱ ጋ ነው። ሰብዉፈሩንም ስትገዛ ያው የቮልት ጥያቄ አለ፣ እዚሁ ብትገዛ ይሻላል።

ሰብዉፈር አለኝ ካልክ ታዲያ ክላስ ዲ ወደሚባሉት አምፖች እንሂድ። ፓወር ሰፕላያቸው ስዊቺንግ (ያለ ከባዱ ትራንስፎርመር የሚሠራ) ስለሆነ ቀላል ናቸው፤ ብዙዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፣ መብራቱ ዝቅ ሲልም እንደ ትራንስፎርመሮቹ ቶሎ አይደክሙም። እኔ ቤት ለግራ፣ ለመሀልና ለቀኝ ሦስት ነጠላ አምፖች ናቸው የሚሠሩት። ፎሲ ቪ3 ሞኖን የመሰለ ብትገዛ ሦስት ፍሬ ገዝተህም ከበጀትህ ይተርፍሃል። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ዋት ግን ራስህ አስላው። በ48 ቮልት የሚሠራ ከሆነ 48 በ48 ታባዛለህ፣ 2304 ነው፤ ለስፒከርህ ኦም እጥፍ፣ ማለትም ለ12 ስታካፍለው 192 ይመጣል። ድምፁ ሳይሰባበር ከዚያ በላይ ሊሰጥ አይችልም፣ በተግባርም ያንሳል። ለመኝታ ቤትም ለሳሎንም ይበቃል። ገንዘብ ከጨመርክ የሆላንዱን ሃይፔክስ ሞጁል ገጥመው የሚሸጡ አሉ፤ ኤንሲ252ኤምፒ የሚባለው 4 ኦም ላይ በየቻናሉ 250 ዋት ይሰጣል፣ የጥራቱም ደረጃ ከፍ ያለ ነው።

ለምን ፊተኞቹን ብቻ ካልከኝ፣ ፊልም ላይ ንግግሩም ፍንዳታውም በአብዛኛው የሚመጣው ከእነሱ ነው። ሦስቱን ሌላ አምፕ ሲሸከማቸው የዴኖኑ ፓወር ሰፕላይ በሙሉ ለሁለቱ የኋላ ይቀራል። የእኔ ሪሲቨር ክዳኑ እጅ አያስነካም ነበር፤ አሁን ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ደግነቱ ያንተ 3600 ከኋላው «ፕሪ አውት» (ገና ያልጎላውን ድምፅ ወደ ሌላ አምፕ የሚያወጣ) የሚል ሙሉ መስመር አለው፤ ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ግን የራሱን ይመልከት፣ እንደ ኤክስ 1600 ኤች ያሉት ለፊት ስፒከሮች ፕሪ አውት ስለሌላቸው እንዲህ አምፕ መጨመር አይቻልም። ከገጠምክ በኋላ ኦዲሲውን (የዴኖኑን፣ በማይክ እየለካ ድምፅ የሚያስተካክለውን) እንደገና አስለካው፤ የአዲሱ አምፕ ጌይን (ድምፁን የሚያጎላበት መጠን) ከዴኖኑ ስለሚለይ የፊትና የኋላው ሚዛን ይዛባል።

ገጥመህ «እእእም» የሚል ድምፅ ከሰማህ አምፑን ከመውቀስህ በፊት የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ንቀለው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። የሶኬቱን የኧርዝ እግር ቆርጦ ዝም የሚያሰኝ ቴክኒሻን ከገጠመህ ግን ቤትህ አታስገባው።

አሮጌ እዚሁ ልፈልግ ካልክም መንገድ አለ። ኤችዲኤምአይ ከመስፋፋቱ በፊት የወጡ አንዳንድ ሪሲቨሮች ከኋላቸው «መልቲ ቻናል ኢን» አላቸው፤ የዴኖኑን ፕሪ አውት እዚያ ሰክተህ፣ ቮልዩሙን አንድ ቦታ ላይ አስቀምጠህ እንደ ፓወር አምፕ ትጠቀምበታለህ። ርካሽ ነው። ስትገዛ ግን ቴስተር ይዘህ ሂድ። ስፒከር ሳይገጠም አብራው፣ አሥር ደቂቃ ይሙቅ፣ ከዚያ ቴስተሩን ዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርገህ በየቻናሉ ቀይና ጥቁር መውጫ ላይ ለካ። ከ50 በታች ካሳየህ ደህና ነው፤ ከ100 ካለፈ ሻጩ የፈለገውን ቢምል ትተኸው ውጣ፣ ያ ዲሲ ነገ የስፒከርህን ኮይል ነው የሚያቃጥለው።

ለወንድምህ የምትነግረው አንድ ነገር ነው፦ ከመክፈሉ በፊት የአምፑን ወይም የአዳፕተሩን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። «100-240» ከሚል ይግዛው። «120» ብቻ ካለና መቀየሪያ ከሌለው ባለበት ይተወው። ፎቶውን እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።