አማቴ አርባ አሻንጉሊት ሊያወርሱን ነው፤ እናቴ ደግሞ ጠበል ረጨችባቸው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ባለቤቴ ጀርመናዊ ነው፤ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። አማቴ ከአርባ በላይ የድሮ አሻንጉሊቶች አሏቸው። ፊታቸው ፖርስሊን፣ ዓይናቸው መስታወት ነው። የአማቴ አያት ዞነበርግ በምትባል ከተማ የአሻንጉሊት ልብስ ሰፊ ነበሩ። የበርሊን ግንብ ከመሠራቱ በፊት ቤተሰቡ ወደ ምዕራብ ሲሻገር አንዲት አሻንጉሊት ብቻ ይዘው ወጡ። ሌሎቹን አማቴ ራሳቸው ድንበሩ ከተከፈተ ወዲህ እየገዙ ነው የሰበሰቧቸው። «የቤተሰብ ውርስ ነው፣ ለልጅሽ ነው» ሲሉኝ ይሉኝታ ይዞኝ «ደስ ይለናል» አልኳቸው። ዓምና ስድስቱን አምጥተው ልጄ ክፍል ደረደሩ። ልጄ ማታ ማታ «እያዩኝ ነው» እያለች እኛ አልጋ ውስጥ ትገባለች። በቅርቡ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣች። ገና ስታያቸው አማተበች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጠበል ረጭታባቸዋለች። የአንዷ እግር አብጦ ቀለሙ ተልጧል። አማቴ ለገና የቀሩትን ይዘው ይመጣሉ። ባለቤቴ «ውድ ዕቃ ነው፣ እምቢ እንዳትይ፤ የእግሩን ነገር እኔ ቀለም ቀብቼ አስተካክለዋለሁ» ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገና ቅርብ ስለሆነ ከእግሩ እንጀምር። ባለቤትሽ ብሩሹን ያስቀምጥ።

የእነዚህ አሻንጉሊቶች ጭንቅላት ቢስክ ይባላል። አንጸባራቂ ልባስ የሌለው፣ ቀለሙ በእሳት የተተኮሰ ፖርስሊን ነው፤ ለዚህ ነው ፊታቸው የሰው ቆዳ የሚመስለው። ጠበሉ ፊታቸውን ምንም አላደረገውም። ገላቸው ግን ብዙውን ጊዜ ከተላቆጠ ወረቀት፣ ከሰጋቱራና ከሙጫ ተሠርቶ ከላይ ቀለም የተቀባ ነው። ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ቀለሙም ይላጣል። ሰብሳቢ ሰው ደግሞ በኋላ የተቀባ ቀለምን ገና ከሩቅ ይለየዋል። አማትሽ ሠላሳ ዓመት ሲገዙ የኖሩ ሴት ናቸው። ኮታቸውን ሳያወልቁ ያዩታል። ያን ጊዜ የሚቀየሙት በእግሩ ሳይሆን በተደበቀው ነገር ነው። ጀርመን አገር ፑፐንዶክቶር የሚባሉ አሻንጉሊት ጠጋኞች አሉ፤ እንዲህ ያለ እግር ለእነሱ የዕለት ሥራ ነው። ከመምጣታቸው በፊት ንገሪያቸው፦ «እናቴ ልጅቷ ስትፈራ አይታ ጠበል ረጨችባቸው፤ የአንዷ እግር ተጎድቷል፤ እናሠራዋለን፣ የት እንደሚሻል ይንገሩን።» በቃ። እናትሽን ጥፋተኛ አድርገሽ አታቅርቢያት። የልጅ ልጇ ሌሊት ስትባንን አየች፤ የምታውቀውን መድኃኒት አደረገች። (በነገራችን ላይ እናትሽ ለአዲስ አበባ ጎረቤት ታሪኩን እንዴት እንደምታወራው ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።)

ልጅሽን በተመለከተ፣ አሻንጉሊቶቹ ዛሬውኑ ከክፍሏ ይውጡ። አያት ይቀየማሉ ተብሎ ልጅ እንቅልፍ አታጣም። የልጅቷ ፍርሃት ደግሞ ቅብጠት አይደለም። ኤርንስት የንትሽ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1906 ስለዚህ ስሜት ጽፎ ነበር፤ አንድ ነገር በሕይወት ያለ ይሁን ግዑዝ መለየት ሲያቅተን ይረብሸናል ብሎ። እነዚህ ደግሞ የሚያዩ የሚመስሉ የመስታወት ዓይኖች፣ የሰው የሚመስል ቆዳና ከተከፈተ አፍ ብቅ ያሉ ጥርሶች አሏቸው። ትልቅ ሰውም ይደነግጣል። ልጅሽ ራሷ ከጠየቀች፣ ቀን ቀን፣ አማትሽ የዓይኑን ነገር ያሳዩዋት። ከዓይኖቹ ኋላ ከባድ የእርሳስ ብረት ተንጠልጥሏል፤ አሻንጉሊቷ ስትተኛ ብረቱ ዓይኖቹን ገልብጦ ይከድናቸዋል፣ ስትነሳ ይከፍታቸዋል። ካልጠየቀች ግን ይቅር። ማንም ሰው ልጅን «ንኪያት፣ አትፈሪ» ብሎ ከፍርሃት አላዳነም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ሁለት ነገር ተደባልቆብሻል፤ አማትሽንም ሳይደባለቅባቸው አልቀረም። ውርስ የምትባለው አንዲቷ ናት። ከዞነበርግ የወጣችው። ሌሎቹ የአማትሽ ፍቅር ናቸው። ሰብሳቢ ሰው የሚደሰተው ዕቃውን በማግኘቱ ብቻ አይደለም። ቅዳሜ በጠዋት ተነስቶ የአሮጌ ዕቃ ገበያ መዞሩ፣ ዊጉን አንስቶ ከማጅራቷ ላይ የፋብሪካውን ምልክት ማንበቡ፣ በጭንቅላቷ ውስጥ መብራት አብርቶ ስንጥቅ መፈለጉ፣ ከሻጩ ጋር መከራከሩ ነው ደስታው። ይህ ደስታ አይወረስም። ለወራሽ የሚተርፈው ብፌ ሙሉ አቧራ መጥረግ ነው። አርባውን አልፈልግም ማለትሽ የባልሽን ዘር መናቅ አይደለም፤ የሌላ ሰው ፍቅር የአንቺ እንዳልሆነ መናገር ነው።

አንዲቷ ግን ሌላ ናት። ዞነበርግ ከጥንት ጀምሮ የአሻንጉሊት ከተማ ነበረች። በዚያን ጊዜ ብዙው ሥራ የሚሠራው በሠራተኞቹ ቤት ነበር፤ እናት ትሰፋለች፣ ልጆች ይለጥፋሉ፣ ክፍያው ትንሽ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ በምሥራቅ ጀርመን በኩል፣ ልክ ድንበሩ አፍ ላይ ቀረች፤ ጎረቤቷ ኖይሽታት በምዕራቡ። ያንን ድንበር ሲሻገሩ ከሁሉም ዕቃ አሻንጉሊት መርጦ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ አማትሽን ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? እኔ ብሆን እጠይቅ ነበር። ልብሷን የሰፋችው ማን ናት? ማን ናት አቅፋት የተሻገረችው? መልሱን በስልክሽ ቅጂው። ይህችን ተቀበሏት፤ ሳሎን ባለመስታወቱ ብፌ ውስጥ ትቀመጥ። ልጅሽ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ትፈልጋት እንደሆነ ያን ጊዜ ትወስን።

ባለቤትሽ «ውድ ዕቃ ነው» ማለቱስ? ምናልባት ልክ ነው፣ ምናልባት አይደለም። ሳታውቁ አትጣሉበት። ዋጋው ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ በጣም ወርዷል፤ የሰበሰቧቸው ሰዎች አርጅተዋል፣ ልጆቻቸው ደግሞ ቦታ የላቸውም። ለምሳሌ አርማንድ ማርሴይ የሚባለው ፋብሪካ ቁጥር 390 የሚል ምልክት ያላትን አሻንጉሊት በብዛት አምርቷል፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ መቶ ዩሮ አካባቢ፣ ከዚያም በታች ትሸጣለች። በሌላ በኩል የቫልተርስሃውዘኑ ካመር ኡንድ ራይንሃርት ከ1909 ጀምሮ የሠራቸው፣ እውነተኛ ልጅ የሚመስል ፊት ያላቸው አሻንጉሊቶች በሺዎች ዩሮ የሚያወጡ አሉባቸው። ስለዚህ አማትሽ የሁሉንም ምልክት በደብተር ይጻፉ፤ የት እንደገዟቸውም ጭምር። ይህንን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ከዚያ የሚሸጠውን ራሳቸው በሕይወት እያሉ ለሚወድ ሰብሳቢ ይሽጡ። ዞነበርግ ውስጥ በ1901 የተመሠረተ የአሻንጉሊት ሙዚየም አለ፤ ሙዚየም ሁሉን አይቀበልምና አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ሰብሳቢ ዕቃው ማን ጋ እንደሚሄድ ካወቀ በኋላ ይቀለዋል። ብዙው ጭንቀት «ስሞት መጣያ ውስጥ ይወረውሩታል» የሚል ነው።

አንድ የማልደብቅሽ ነገር፦ ይህ ሁሉ እዚህ የደረሰው «ደስ ይለናል» ስላልሽ ነው። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ አማትሽ ከፊትሽ ይረዱት ነበር፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መልሰውም ይጠይቁሽ ነበር። ጀርመን ላይ ያልሽው እንዳልሽው ይወሰዳል። እሳቸው አላስገደዱሽም፤ ቃልሽን ነው የያዙት። ስለዚህ «ያኔ እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው» ብለሽ ንገሪያቸው። ይገባቸዋል።

የአርባዎቹን ነገር ግን መናገር ያለበት ባለቤትሽ ነው። እናቱ ናቸው። እሱ ዝም ብሎ አንቺ ብትናገሪ «ምራቴ ነች የከለከለችኝ» ይሆናል፤ ያን ደግሞ ለዓመታት ትሸከሚዋለሽ። እሱ ይደውል፣ አንቺ አጠገቡ ተቀመጪ፤ የእግሩን ነገር አንቺ ጨምሪበት። ካርቶኖቹ መኪና ላይ ከተጫኑ በኋላ ነገሩ ይከብዳልና ይህን ሳምንት አትለፉት።