ጥቁር መምህር ለምን ጠፋ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ካሉ ወላጆች ስለ ጥቁር መምህራን እጥረት ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ልጄ አራተኛ ክፍል ደርሷል። እስከ ዛሬ አንድም ጥቁር መምህር አላስተማረውም። ለውጥ አለው ወይስ እያካበድኩ ነው?» (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አላካበድሽም እህቴ። በ1980ዎቹ ቴኔሲ ውስጥ ትንንሽ ልጆች በዕጣ በየክፍሉ ተመድበው ነበር። የተፈለገው ተማሪ ያልበዛበት ክፍል ይጠቅም እንደሆነ ለማየት ነው። ኋላ ተመራማሪዎች የእነዚያኑ ልጆች መዝገብ ሲያገላብጡ ሌላ ነገር አገኙ። እስከ 3ኛ ክፍል ድረስ ቢያንስ አንድ ጥቁር መምህር የደረሳቸው ጥቁር ልጆች፣ ካልደረሳቸው ይልቅ ሁለተኛ ደረጃን የመጨረስ ዕድላቸው በ13 በመቶ፣ ኮሌጅ የመግባት ዕድላቸው ደግሞ በ19 በመቶ በልጦ ተገኘ። አንድ መምህር ብቻ!

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። እኔ ግን ትልቁን ቦታ የምሰጠው መምህሩ ከልጁ ለሚጠብቀው ነገር ነው። በሌላ ጥናት ሁለት መምህራን ስለ አንድ ተማሪ «ይሄ ልጅ እስከ የት ይማራል?» ተብለው ተጠየቁ። ተማሪው ጥቁር ሲሆን፣ ጥቁር ያልሆነው መምህር «ዲግሪ ይይዛል» ብሎ የመገመቱ ዕድል ከጥቁሩ መምህር በ30 በመቶ ገደማ ያንስ ነበር። ልጆች ይሄን ለማወቅ ጥናት አያስፈልጋቸውም። እጅ ሲወጣ ቀድሞ የሚጠራው ማን እንደሆነ፣ ከበድ ያለው መጽሐፍ ለማን እንደሚሰጥ፣ ሁለት ልጆች እኩል ሲያወሩ ወደ ቢሮ የሚላከው የትኛው እንደሆነ በደንብ ያያሉ።

«ጥቁሮቹ ራሳቸው ማስተማር አይፈልጉም ይባላል። እውነት ነው?» (ከአሌክሳንድሪያ)

አይደለም። ይሄን ስሰማ ያመኛል። በአሜሪካ ደቡባዊ ስቴቶች ማስተማር ለተማረ ጥቁር ከተከበሩት ሥራዎች አንዱ ነበር። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዘር የተለየ ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ፣ ልጆቹን ለማቀላቀል በብዛት የተዘጉት የጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች ናቸው። በ11 ዓመት ውስጥ ወደ 38,000 የሚጠጉ ጥቁር መምህራንና ርዕሳነ መምህራን ሥራ አጡ። ለዚህ ፍርድ ካበቁት ክሶች አንዱ በተነሣባት፣ በካንሳስ ስቴት ባለችው በቶፔካ ከተማማ ፍርዱ እስኪወጣ እንኳን አልተጠበቀም። በ1953 የትምህርት ኃላፊው ለጥቁር መምህራን ደብዳቤ ጻፈ። መለያየቱ ከቀረ የከተማው ሰው ነጭ ልጆቹን በጥቁር ማስተማር አይፈልግም፣ ስለዚህ ውላችሁ አይታደስም የሚል ነው።

ከ2005ቱ የካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላም ኒው ኦርሊንስ መምህራኗን በጅምላ አሰናበተች፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ዛሬ በመላ አገሪቱ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ100 ተማሪ 15ቱ ጥቁር ሲሆኑ፣ ጥቁር መምህራን ግን 6 በመቶ ገደማ ናቸው። የኮሌጅ ዕዳውና የፈቃድ ፈተናው ገና በር ላይ ብዙዎችን ያስቀራል። የገቡትም ቶሎ ይለቃሉ። በተለይ ጥቁር ወንድ መምህር ከሆነ፣ ያስቸገረ ልጅ ሁሉ ወደ እሱ ይላካል፤ ማስተማሩ ቀርቶ ሥራው ተቆጣጣሪነት ይሆናል።

«አገር ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። እዚህ ኡበር ነው የምነዳው። ወደ ሙያዬ መመለስ እችላለሁ?»

ትችላለህ ወንድሜ፣ ፊዚክስ መምህር ደግሞ አጥብቆ ይፈለጋል። መጀመሪያ ዲግሪህን የውጭ ማስረጃ በሚገመግም፣ ስቴትህ በሚቀበለው ድርጅት አስገምግም። ቀጥሎ የስቴቱን የትምህርት ቢሮ ስለ ጊዜያዊ ፈቃድ ጠይቅ፤ እያስተማሩ የጎደለውን ኮርስና ፈተና ማሟላት የሚቻልበት መንገድ ብዙ ቦታ አለ። እስከዚያ በተተኪ ወይም በረዳት መምህርነት ብትገባ የክፍሉን አሠራር ትለምዳለህ። አነጋገርህ የባዕድ መሆኑ አያሳፍርህ። ክፍልህ ውስጥ ኬንያዊም፣ ጥቁር አሜሪካዊም፣ የእኛም ልጅ ይኖራል፤ ፊዚክስ የሚያስተምር ጥቁር ሰው ማየት ለሁሉም ይጠቅማቸዋል።

«የልጄ መምህርት ነጭ ናት፣ በጣም ጎበዝ ናት። ልጨነቅ?»

አትጨነቂ፣ አመስግኛት እንጂ። የወላጅ ስብሰባ ላይ ግን ልጅሽ የላቀ ችሎታ ያላቸው ልጆች ተለይተው ለሚማሩበት ፕሮግራም ተመዝና እንደሆነ ጠይቂ፤ ጥቁር ልጆች እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀደም ብለሽ አሳውቂያቸው፤ ልጅቷን አስተርጓሚ አታድርጊያት።