ስለ እሳተ ገሞራ ሾጣጣዎች ከጎንደር ልጆች የመጡ ጥያቄዎች

ክረምት መጥቶ ስሜን ደርሶ የተመለሰ ሁሉ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። እነሆ መልሱ።

ከማራኪ፦ መምህር፣ ራስ ዳሸን እሳተ ገሞራ ነው ይባላል። እንደ ጃፓኑ ፉጂ ተራራ ሹል ያልሆነው ለምንድን ነው?
ድሮም ሹል አልነበረም። ስሜን የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የተሠራ ጋሻ እሳተ ገሞራ ነው፤ ማለትም እንደ ተጋደመ ጋሻ ሰፊና ጎኑ ለስላሳ ቁልቁለት ያለው። ባሳልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ሲቀልጥ ሲሊካው (ቅልጡን የሚያወፍረው ንጥረ ነገር) ትንሽ ነው፣ ሙቀቱም ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። ስለዚህ ቀጭን ነው። አንድ ቦታ አይቆለልም፣ ሩቅ ይፈሳል። በላዩ ሌላ ይፈስበታል፣ በዚያም ላይ ሌላ። ሳንቃበር ቆማችሁ ገደሉን ብታስተውሉ ድርብርቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሹል ሹሉን የቀረጸው ውሃና በረዶ ነው። ራስ ዳሸንም ከዚያ የተረፈ ከፍታ ነው እንጂ ራሱን የቻለ ሾጣጣ አይደለም።

ከአዘዞ፦ ጉናስ?
እሱም ጋሻ ነው። ዕድሜው ወደ 11 ሚሊዮን ዓመት ስለሆነ ከስሜን ጋር ሲተያይ ልጅ ነው።

ግንባታ ላይ ከሚሠራ፦ ሬድ አሽ፣ ቀዩ ቀዳዳ ቀዳዳ ጠጠር፣ የሚወጣበት ኮረብታስ?
ወንድሜ፣ እውነተኛው ሾጣጣ እሱ ነው! ጋዝ የበዛበት ባሳልት አፉ ላይ ሲደርስ ይፈነዳና ወደ ላይ ይረጫል። ፍንጥርጣሪው አየር ላይ ይቀዘቅዛል፣ ጋዙ የወጣበት ቀዳዳ ይቀርበታል፣ ከዚያ በአፉ ዙሪያ ይከመራል። ቅላቱ ትኩስ እያለ ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ስለተዋሃደ ነው። ልቅ ክምር ከ35 ዲግሪ በላይ ቁልቁለት ብዙም አይችልም፣ ይንሸራተታል። ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ለዚህ ነው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ብዙ አሉ። ሲያድጉ ደግሞ ጉድ ናቸው፦ ሜክሲኮ ውስጥ ፓሪኩቲን በ1943 እ.ኤ.አ. ከበቆሎ ማሳ ተነስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ300 ሜትር በላይ ሆነ።

ከአራዳ፦ ፉጂን ግን ዘለልከው።
እሺ። ፉጂ ድርብርብ ሾጣጣ ነው። አንዴ አመድና ስብርባሪ ይከመራል፣ አንዴ ላቫ ፈስሶ ያንን ልቅ ክምር አስሮ ይይዘዋል። ስለዚህ 3,776 ሜትር ድረስ መቆም ቻለ። የዚህ ዓይነቶቹ ብዙዎቹ ሲሊካ የበዛበት ወፍራም ቅልጥ አላቸው። ወፍራሙ ጋዙን አፍኖ ስለሚይዝ ሲፈነዱ ክፉ ናቸው። የእኛው ፈንታሌ፣ መተሐራ አጠገብ ያለው፣ ከዚህ ወገን ነው፤ ጫፉ ግን ተደርምሶ ሰፊ ጎድጓዳ ሆኗል።

ቢሾፍቱ ሐይቆቹ ዙሪያ ሾጣጣ የለም። እነሱስ?
ትኩስ ቅልጥ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ፈነዳ። ዙሪያውን ዝቅተኛ ጠርዝ፣ መሐሉን ጉድጓድ አስቀረ።

ስሜን ተመልሶ ይፈነዳል?
አይ፣ በሰላም ተኙ። ምንጩ ከደረቀ ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈዋል። የሚነድ ጋሻ ማየት የፈለገ አፋር ይውረድ፣ ኤርታሌ አለለት።